ጃፓን ውስጥ ቁማር ክልክል ነው? ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ምን ይጫወታል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተለጠፈው ጥያቄ አጭር ነበር። ጠያቂው ለትምህርት ጃፓን የገባ ልጅ ነው። ቁማር በዚያ አገር በወንጀል ያስቀጣል ሲባል ሰምቷል። ግን ከባቡር ጣቢያው ወጣ ሲል ትልቅ የፓቺንኮ (በትንንሽ የብረት ኳሶች የሚጫወቱት የማሽን ጨዋታ) ቤት ያያል፤ በሩ ሳይከፈት ሰው ተሰልፏል። ቅዳሜና እሁድ ቴሌቪዥኑ የፈረስ እሽቅድድም ያሳያል፤ ሰዉ በስልኩ ይወራረዳል። ሎተሪ በየመንገዱ ይሸጣል። ታዲያ የተከለከለው የትኛው ነው? ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በሳንቲም ካርታ ቢጫወትስ ፖሊስ ይመጣበት ይሆን? ይህን ጠይቆ ወጣ።

መልሱ ከአርባ አለፈ። እኔ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ረብ ያለውን ልንገራችሁ፤ ስድቡን አብዛኛውን ዘልዬዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ክልክል ነው አለና ሄደ። 2ኛዋ ግን ቁጭ ብላ ጽፋለች። የ1907ቱ የወንጀል ሕግ እስካሁን ይሠራል አለች። አንቀጽ 185 ቁማር የተጫወተን ሰው እስከ 500,000 የን ያስቀጣል። አንቀጽ 186 ልማደኛውን ይመለከታል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት አለው። ቁማር ቤት ከፍቶ የሚያተርፍ ከ3 ወር እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። የግል ሎተሪ ማውጣትም በአንቀጽ 187 ያስጠይቃል። ስለዚህ መነሻው ክልከላ ነው፤ የተፈቀደው ሁሉ በልዩ ሕግ የተፈቀደ ነው። ጠያቂውን ወንድሜ እያለች ነው የጻፈችለት። እስከዚህ ድረስ መድረኩ ጨዋ ነበር።

3ኛው ሕጉን ገልጦ አንድ ቀዳዳ አገኘ። ለጊዜያዊ መዝናኛ የሚሆን ነገር ማስያዝ አያስቀጣም ይላል አንቀጽ 185። እንግዲያው ሳንቲሙ ችግር የለውም ሲል ደመደመ። 4ኛዋ አረመችው። ያ ማለት ምሳ ወይም ቢራ ነው፤ የተሸነፈ ይጋብዛል ብትሉ ማንም አይነካችሁም። ገንዘብ ግን ሌላ ነው። የጃፓን ፍርድ ቤት ገና በ1924 ነገሩን ዘግቶታል፤ ጥሬ ገንዘብ መጠኑ ቢያንስም ከመዝናኛው አይቆጠርም። 5ኛው በዚህ መሃል የራሱን ጨዋታ አመጣ። በሥራ ቦታው በጠረጴዛ ቴኒስ የተሸነፈ ቡና ይገዛል። አለቃቸው ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ሆን ብሎ ይሁን አቅቶት እስከዛሬ አልገባውም።

6ኛው መጣና ወሬው ጠነከረ። ሕግ ማነብነብ ቀላል ነው አለ። በየሰፈሩ የማህጆንግ (በጠፍጣፋ ጠጠሮች የሚጫወቱት የእስያ ጨዋታ) ቤት ሞልቷል፤ እዚያ የሚቀመጠው ሰው ለጽድቅ ነው የሚጫወተው? በትንሽ ገንዘብ የተያዘ ሰው ካለ አንድ ብቻ ጥሩልኝ ብሎ ተፈታተነ።

አንድ ጠሩለት። ያውም ትልቅ ሰው። በ7ኛው መልስ የቀረበው የሂሮሙ ኩሮካዋ ታሪክ ነው። እኚህ ሰው የቶኪዮ ከፍተኛ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በ2020 የጸደይ ወራት፣ ለኮሮና አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ሲለመን፣ እሳቸው ከጋዜጣ ሰዎች ጋር በገንዘብ ማህጆንግ ይጫወቱ ነበር። አንድ ሳምንታዊ መጽሔት አወጣባቸው። በግንቦት ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ባልደረቦቻቸው የሆኑት ዐቃብያነ ሕግ ግን ክስ አያስፈልግም ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ 6ኛው ልክ ነበር። ግን ጃፓን ውስጥ በዕጣ የሚመረጡ 11 ተራ ዜጎች የሚቀመጡበት ኮሚቴ አለ። ዐቃቤ ሕግ አልከስም ያለውን ነገር መልሶ ይመረምራል። ኮሚቴው ሰውየው መከሰስ አለባቸው አለ። በመጋቢት 2021 ኩሮካዋ 200,000 የን ተቀጡ። 7ኛው ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ አንድም የሽሙጥ ቃል አልጨመረም፤ እኔ ብሆን እጨምር ነበር።

8ኛው ሳቀበት። ሰውየው ይጫወቱበት የነበረው ሂሳብ 1,000 ነጥብ በ100 የን ነው፤ የፍትሕ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ራሱ ፓርላማ ቀርቦ ይህ ከፍተኛ የሚባል አይደለም ብሏል። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ተፈቅዷል ማለት ነው ሲል ቀለደ። 9ኛዋ ቀልዱ አልጣማትም። መቀጮ መክፈል ማለት መፈረድ ማለት ነው፤ ለውጭ አገር ተማሪ ደግሞ ፍርድ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ስለሚያያዝ ሰው አታሳስት ብላ ገሠጸችው። 6ኛው ተመልሶ አልመጣም።

ከ10ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ፈረስ ዞረ። እኔን የያዘኝም ይህ ክፍል ነው። 10ኛዋ ጥያቄውን ገለበጠችው። ምን ተጫወትክ ተብሎ አይጠየቅም፤ ማን አጫወተህ ነው የሚባለው። ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 35 በሕግ መሠረት የተፈጸመ ድርጊት አያስቀጣም ይላል። በዚያ በር አራት እሽቅድድሞች ገብተዋል፤ ፈረስና ብስክሌት በ1948፣ ሞተር ሳይክል በ1950፣ የሞተር ጀልባ በ1951። ዓመቶቹን እዩልኝ አለች። ከተሞች በቦምብ ነድደዋል፣ ካዝና ባዶ ነው። የብስክሌቱ ውድድር መጀመሪያ የተካሄደው በ1948 ኮኩራ ከተማ ውስጥ ነው፤ ገቢው ለመልሶ ግንባታ ነበር። አቋማሪው ማዘጋጃ ቤቱ ሲሆን ጨዋታው ሕጋዊ ሆነ።

11ኛው ቁጥር ጨመረበት። ትልልቆቹን የፈረስ ውድድሮች የሚያካሂደው የመንግሥት ማኅበር በዓመት ከ3 ትሪሊዮን የን በላይ ትኬት ይሸጣል። ከሽያጩ 10 በመቶው ቀጥታ ወደ አገሪቱ ግምጃ ቤት ይገባል። ከትርፉም ግማሹ ይከተላል።

12ኛው እሳት ጎርሶ መጣ። ይህ ግብዝነት ነው፤ መንግሥት ለራሱ የሚፈቅደውን ለዜጋው ወንጀል ያደርጋል፤ ፍርድ ቤት ቢሄድ አንድ ቀን አያድርም አለ። 13ኛው በእርጋታ ሄዷል ብሎ መለሰለት። በኅዳር 1950 አንድ ቁማር ቤት በመክፈት የተከሰሰ ሰው ይህንኑ ክርክር ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። መንግሥት ራሱ ሎተሪና እሽቅድድም እያካሄደ እኔን መቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ቁማር ሰው ሠርቶ ከማግኘት ይልቅ በዕድል መክበርን እንዲመኝ ያደርጋል፣ ሌላ ወንጀልም ይጠራል አለ። የመንግሥት ሥራ ትክክል መሆን አለመሆኑ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው ብሎ አለፈው። 12ኛው ይህን አንብቦ ዳኞቹንም ጨምሮ ሰደበ።

እኔ ግን እውነት ለመናገር ወደ 12ኛው አዘነብላለሁ። በተለይ 14ኛው የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ። በፈረስ ውርርድ ከተሰበሰበው ገንዘብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ለተወራራጆች ይመለሳል። በሎተሪው ግን ሕጉ ራሱ ለዕጣ የሚወጣው ከግማሽ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የእግር ኳሱ ሎተሪም ግማሽ ላይ ነው። ሕዝቡ በልማደኛ ቁማርተኝነት የማይጠረጥረው፣ አያቶች ለአዲስ ዓመት ተሰልፈው የሚቆርጡት ሎተሪ፣ ከሁሉም የባሰ ይበላል። 15ኛው በዚህ ሁሉ መሃል ለእሁዱ ውድድር የትኛው ፈረስ እንደሚያዋጣ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

16ኛዋ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ብላ ግብርን አነሳች። የሎተሪ ዕጣ ከግብር ነፃ ነው። የፈረሱ ግን ይገበራል፤ ያውም ከአሸናፊው ትኬት ዋጋ በቀር የተሸነፉት ትኬቶች በወጪ አይያዙም። ኦሳካ ውስጥ አንድ ሰው ውርርዱን በኮምፒውተር ፕሮግራም አድርጎ በየውድድሩ ማለት ይቻላል ይገዛ ነበር። ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሦስት ዓመታት ወደ 2.87 ቢሊዮን የን አውጥቶ 3.01 ቢሊዮን ገደማ አገኘ። የቀረው ትርፍ 140 ሚሊዮን ያህል ነው። ግብር ደበቅክ ተብሎ የተከሰሰበት ግን ወደ 570 ሚሊዮን የን ነበር። ከትርፉ አራት እጥፍ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2015 የዚህ ሰው ግዢ እንደ ሥራ የማያቋርጥ ስለነበር የተበሉት ትኬቶች ወጪ ናቸው ብሎ ፈረደለት። ሂሳቡ ወደ 52 ሚሊዮን ወረደ። ገቢውን ባለማሳወቁ ግን ቅጣቱ አልቀረለትም፤ 2 ወር፣ በገደብ። ተራ ተወራራጅ እስካሁን ይህን አያገኝም ስትል አስጠነቀቀች።

17ኛው አላመናትም፣ 18ኛው መሰከረላት፣ 19ኛው ስለ ዕድሜ ጠየቀ። የአዋቂነት ዕድሜ በ2022 ወደ 18 ቢወርድም የፈረስ ትኬት 20 ካልሞላ አይገዛም።

ከዚያ ፓቺንኮ መጣ። ጠያቂው ራሱ በ20ኛው ተመልሶ የጣቢያውን ቤት ረሳችሁት ብሎ አሳሰበ። 21ኛው ለዓመታት እዚያ የኖረ ነው፤ አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳው። ትንንሽ የብረት ኳሶችን ትከራያለህ፤ የአንዱ ኪራይ ያለ ሽያጭ ታክሱ ከ4 የን አይበልጥም። ብታሸንፍ ኳሱ ይበዛል። ቤቱ ገንዘብ ሊሰጥህ አይችልም፤ ሕግ ይከለክለዋል። የሰጠህንም ሽልማት መልሶ አይገዛህም፤ ያም ክልክል ነው። ስለዚህ ሳሙናና ቸኮሌት ልትወስድ ትችላለህ፤ ወይም ልዩ የሚባለውን ሽልማት። ቶኪዮ ውስጥ ይህ በላስቲክ የታሸገ ቁራጭ ወርቅ ነው። ይዘኸው ትወጣለህ። ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት አለች። ወርቁን ታስገባለህ፣ ጥሬ ገንዘብ ይወጣልሃል። የመስኮቷ ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ ከእሱ የሚገዛው ጅምላ ነጋዴ ሌላ ሰው ነው፤ ጅምላ ነጋዴውም ለፓቺንኮ ቤቱ መልሶ ይሸጣል። ክቡ ተዘጋ።

22ኛዋ መስኮቷ የት እንዳለች ሠራተኛውን ጠይቃ ታውቃለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ አላውቅም አላት። መስኮቷ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ላይ ነበረች።

23ኛው ይህን ያመጣው ማን ነው ሲል 24ኛው መለሰ። ዘዴው የተስፋፋው ኦሳካ ውስጥ በ1961 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ሽልማቱን በር ላይ ቆመው የሚገዙት የያኩዛ (የጃፓን የተደራጁ ወንበዴዎች) ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን ለማስወጣት ታስቦ ነው ሦስተኛ ወገን የገባው። መንግሥትም በ2016 ለፓርላማ በሰጠው የጽሑፍ መልስ ደንበኞች ሽልማታቸውን ከባለቤቱ ሌላ ለሆነ ሰው አንዳንዴ እንደሚሸጡ አውቃለሁ ብሏል። በደንቡ እስከተሠራ ድረስ ቁማር አይባልም። ለስድስት አሥርት ዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንደ ሕግ ሲሠራ ያየሁት እዚህ ነው።

25ኛው ቤቶቹ እየሞቱ ነው አለ። በ1990ዎቹ 18,000 ገደማ ነበሩ፤ አሁን ከ7,000 በታች ወርደዋል። ወጣቱ ስልኩ ላይ ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ጠቡን የጀመረችው።

26ኛው ወዲያው የኦንላይን ካዚኖ ሊንክ ለጠፈ። ኩባንያው በውጭ አገር ፈቃድ ያለው ነው፤ ሰርቨሩም ጃፓን ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሕጉ አይደርስበትም አለ። አወያዩ ሊንኩን አነሳው፤ ጽሑፉን ተወው። 27ኛዋ፣ 2ኛውን መልስ የጻፈችው ሕግ አዋቂ ናት፣ ወንድሜ ማለቷን ትታ መጣች። ተጫዋቹ ጃፓን ውስጥ ተቀምጦ ገንዘብ ካስያዘ ወንጀሉ ጃፓን ውስጥ ተፈጽሟል፤ ሰርቨሩ ጨረቃ ላይ ቢሆንም ለውጥ የለውም። የምትለጥፈው ሊንክ ኮሚሽን እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን አለችው። 28ኛው፣ ማለት ያው 26ኛው፣ ማስረጃ ይዞ ተመለሰ። በ2016 የኪዮቶ ፖሊስ ሦስት ተጫዋቾችን ይዞ ነበር። ሁለቱ መቀጮ ከፈሉ። አንደኛው ግን አልከፍልም ብሎ ተከራከረ፤ በጥር 2017 ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው። ይኸው ነፃ ነው ሲል ፎከረ።

እዚህ ላይ 29ኛው ጥሩ ነገር አለ። ክስ መተው ፍርድ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ በብዙ ምክንያት ፋይል ይዘጋል። በዚያች አንዲት ፋይል ላይ ስንት የማስታወቂያ ገጽ እንደቆመ ግን መገመት ይቻላል። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ በ2025 ያወጣው ጥናት 3.37 ሚሊዮን ያህል ሰው ኦንላይን ካዚኖ ተጫውቶ እንደሚያውቅ ገምቷል። በዓመት የሚገባው ገንዘብ ወደ 1.24 ትሪሊዮን የን ነው። ከተጠየቁት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕገ ወጥ መሆኑን እንኳ አያውቁም ነበር። ለዚህ ነው በዚያው ዓመት ሕጉ የተሻሻለው። ከመስከረም 25 ቀን 2025 ጀምሮ እንዲህ ያለ ገጽ ለጃፓን ተጫዋች መክፈትና ማስተዋወቅ ተከልክሏል፤ ሰውን በሊንክ ወደዚያ መምራትም እንዲሁ። 26ኛው ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

30ኛዋ የአቡን ጉዳይ አስታወሰች። ያማጉቺ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሚያዝያ 2022 ለ463 አባወራዎች የሚከፋፈል የኮሮና ድጎማ፣ 46.3 ሚሊዮን የን፣ በስህተት አንድ ሰው ሂሳብ ውስጥ ገባ። ሰውየው አልመልስም አለ፤ በኦንላይን ካዚኖ ተበላሁ አለ። ከተማዋ ገንዘቡን ያስተላለፉትን የክፍያ ኩባንያዎች ይዛ አብዛኛውን አስመለሰች። ሰውየው በ2023 የ3 ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደበት። 31ኛው የከተማዋ ባለሥልጣን ሥራውን አለማጣቱን ጠየቀ። 32ኛው ጥያቄው ከርዕስ ወጥቷል አለው። 33ኛው ከርዕስ መውጣት ከሆነ እኔም ልውጣ ብሎ የኪዮቶውን ኔንቲዶ አነሳ። በ1889 ሲቋቋም ሥራው የአበባ ሥዕል ያለበት የካርታ ጨዋታ ማተም ነበር፤ ብዙ ደንበኞቹም ቁማርተኞች ነበሩ። ይህ ለሦስት መልስ ያህል ስለ ቪዲዮ ጌም አስወራ። እለፉት።

37ኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጻፈች። ባሏ በፓቺንኮ ደመወዙን ጨርሶ ያውቃል። ሕጋዊ ነው አይደለም የምትሉት ለእኔ ቤት ለውጥ አላመጣም አለች። በ2018 የቁማር ሱስን የሚመለከት ሕግ ወጥቷል፤ ቤተሰብ ለፈረስ ውርርዱ ማኅበር አመልክቶ የአባሉን የኦንላይን ትኬት ግዢ ማስቆም ይችላል፤ የፓቺንኮ ቤቶችም በቤተሰብ ጥያቄ ገደብ የሚያደርጉበት አሠራር አላቸው። ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። 38ኛው ከ12ኛው ጋር ሲሰዳደብ የነበረው ሰው ነው፤ ለእሷ ግን እህቴ ብሎ አይዞሽ አላት። ለጥቂት መልሶች ማንም ማንንም አልነካም።

የመጨረሻው ወሬ የካዚኖው ነው። 39ኛው በ2018 የወጣው ሕግ ካዚኖን ከሆቴልና ከስብሰባ አዳራሽ ጋር አንድ ላይ ከሆነ ይፈቅዳል አለ። ቢበዛ ሦስት ቦታ ይፈቀዳል። እስካሁን ግን የተፈቀደው አንድ ነው፤ ኦሳካ፣ ዩሜሺማ ደሴት። በ2030 ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል። የናጋሳኪ እቅድ በ2023 ውድቅ ሆኗል። ዮኮሃማ ደግሞ በ2021 የካዚኖ ተቃዋሚ ከንቲባ መርጣ ራሷን አወጣች። 40ኛው ሙስናውን ጨመረ። ጉዳዩን ሲመራ የነበረ አንድ የፓርላማ አባል ከቻይና ኩባንያ ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ በ2021 የ4 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ጠያቂው በ41ኛው ደስ አለው። እኔ የውጭ ዜጋ ስለሆንኩ በነፃ እገባለሁ ማለት ነው አለ። 42ኛዋ፣ ያችው ሕግ አዋቂ፣ አላስደሰተችውም። በነፃ የሚገባው ጎብኚው ነው። ጃፓናዊና ጃፓን ውስጥ የሚኖር የውጭ ዜጋ እኩል 6,000 የን ይከፍላሉ፤ በሳምንት ከ3 ጊዜ፣ በ28 ቀን ከ10 ጊዜ በላይ መግባትም አይችሉም። ከ20 ዓመት በታች ከሆነ ጭራሹኑ አይገባም። ማንነት በር ላይ ይረጋገጣል፤ ፓስፖርቱን ብቻ አሳይቶ ለማለፍ እንዳያስብ ነገረችው። ለካርታው ጥያቄም በመጨረሻ ቁርጡን ሰጠችው፤ በምሳ ተጫወቱ።

ከዚያ በታች ያሉት መልሶች ኦሳካ ውስጥ ርካሽ ማደሪያ የት እንደሚገኝ ነው።